እናቴ ስትራመድ ለምን ወደ ጎን ትዘማለች?

ይህን ክር፣ ማለትም በኢንተርኔት የጥያቄና መልስ ውይይቱን፣ የከፈትኩት በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ማታ ነው። አሁን 23 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚገባው ሰው ከላይ ሳያነብ ያንኑ ደግሞ ይጠይቃል። ስለዚህ የተባለውን ሁሉ በቅደም ተከተል፣ በራሴ አነጋገር እዚህ አሰባስቤዋለሁ። የማንንም ስም አልጠቀስኩም። የራሴን ሐሳብ ጣል ያደረግኩበት ቦታም አለ።

መነሻ ጥያቄ

እናቴ 64 ዓመቷ ነው። ቀኝ ጎኗን ካመማት ከዓመት በላይ ሆኗታል። የት ነው ሲሏት እጇን የምታሳርፈው ወገቧ ላይ አይደለም። ከወገብ ዝቅ ብሎ፣ በጎን በኩል ጎላ ብሎ የሚዳሰሰው አጥንት ላይ ነው። ማታ በቀኝ ጎኗ መተኛት አትችልም። ስትራመድ ደግሞ ቀኝ እግሯን በረገጠች ቁጥር ሰውነቷ ወደ ቀኝ ዘመም ይላል። ከኋላዋ ስሄድ የነጠላዋ ጥለት ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ አያለሁ።

አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። ወገብ ነው ተባልን። የወገብ ራጅ ተነሳች፣ ማስታገሻ ታዘዘላት፣ መርፌም ተወጋች። ለውጥ የለም። በዚያ ሁሉ ምልልስ ዳሌዋን በእጁ የዳሰሰ ሰው አልነበረም። በአንድ እግርዎ ይቁሙ ብሎ ያያትም የለም። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል። ከዘራ ገዛንላት። የምትይዘው በቀኝ እጇ ነው፣ በሚያማት እግር በኩል።

የጠየቅኩት ይህን ነበር። ዳሌና ጭን ላይ ያሉት ጡንቻዎች የትኞቹ ናቸው? ምን ምን ይሠራሉ? ሰውን እንዲህ የሚያዘመው የትኛው ነው?

1ኛ መልስ

የመጀመሪያው ወንድም ለእናቴ ምሕረት ተመኘ። የእሱም እናት እንዲሁ ሆነው እንደነበርና በለጋ ቅቤ ታሽተው እንደተሻላቸው ነገረን። የት ቦታ ላይ እንደታሹ ግን አልጻፈም።

2ኛ መልስ

የአማርኛ መምህር የሆኑ አንድ አባት ናቸው። ጥያቄውን ትተው በቃሉ ጀመሩ። መጀመሪያ ከርእስ የወጡ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ለእኔ ከጠቀሙኝ መልሶች አንዱ ሆነ።

እንደሳቸው አባባል ግማሹ ችግር የሚመጣው ከጎድን አጥንት እስከ ጉልበት ያለውን ሁሉ ወገቤን እያልን ስለምንጠራው ነው። ሽንጥ ከጎድን በታች፣ ከዳሌ በላይ ያለው ጎን ነው። ዳሌ ከዚያ በታች ያለው ሰፊው አጥንትና ሥጋው ነው። ብሽሽት ሆድና ጭን የሚገናኙበት እጥፋት ነው። ጭን ከዚያ እስከ ጉልበት ያለው ሁሉ ነው። ታፋ ደግሞ የጭን የላይኛው፣ ወፍራሙ ክፍል። ወገቤን ብሎ የገባ ሰው የወገብ ራጅ ተነስቶ ቢወጣ አይገርምም አሉ። ሐኪም ፊት ቃሉን ትታችሁ በአንድ ጣት ብቻ ቦታውን አሳዩ ሲሉም መከሩ።

እውነታቸውን ነው። እኔም ክሊኒኩ ውስጥ ወገቧን ያማታል ብዬ ነበር የተናገርኩላት።

3ኛ መልስ

ክሩን በእግሩ ያቆመው ይህ ነው። የጻፈችው ፊዚዮቴራፒስት ናት፣ ሰውን በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ። በጣም ረጅም ስለሆነ ፍሬ ፍሬውን ላምጣ።

ከኋላ ጀመረች። መቀመጫችን ላይ ያለው ትልቁ ጡንቻ ግሉተስ ማክሲመስ ይባላል። በሰውነታችን ካሉት ጡንቻዎች ሁሉ ግዙፉ እሱ ነው። ጭንን ወደ ኋላ ይስባል። ሜዳ ላይ ቀስ ብለን ስንሄድ ግን ብዙም አይሠራም። ደረጃ ስንወጣ፣ ዳገት ስንቧጥጥ፣ ስንሮጥ፣ ከበርጩማ ብድግ ስንል ነው ሥራው። ቡና አፍልታ ስትነሳ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተጭና የምትነሳ እናት ካላችሁ፣ ይህ ጡንቻ ሲደክም ምን እንደሚመስል አይታችኋል።

ከፊት ያለው ኳድሪሴፕስ ነው። አራት ራስ አለው። አራቱም ወደ ታች ወርደው በአንድ ጅማት ይጠቃለላሉ። የጉልበትን ሎሚ አቅፈው ከታች ባለው የቅልጥም አጥንት ላይ ይታሰራሉ። ሥራቸው ጉልበትን መዘርጋት ነው። ከአራቱ አንዱ የሚነሳው ከዳሌ አጥንት ስለሆነ ጭንን ወደ ላይ ለማንሳትም ያግዛል። ከጭን ጀርባ ያሉት ሦስቱ ደግሞ ሃምስትሪንግ ይባላሉ። ስንቀመጥ ወንበር ከሚነካው አጥንት ተነስተው ከጉልበት በታች ይያዛሉ። ጉልበትን ያጥፋሉ፣ ጭንንም ወደ ኋላ ይጎትታሉ። በውስጥ በኩል አዳክተር የሚባሉ አሉ፣ እግርን ወደ መሃል የሚሰበስቡ።

ከዚያ ወደ እናቴ ጉዳይ መጣች። በጎን በኩል፣ ከዳሌው ክንፍ ላይ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ የሚነሳ ጡንቻ አለ። ግሉተስ ሚዲየስ ነው። ከሥሩ ትንሹ ወንድሙ ግሉተስ ሚኒመስ ተኝቷል። ሁለቱም ጠበብ እያሉ ወርደው የሚታሰሩት እናቴ እጇን በምታሳርፍበት በዚያው ጎላ ያለ አጥንት ላይ ነው።

ሁላችንንም አንድ ነገር አስደረገችን። ቁሙ። ቀኝ እጃችሁን ቀኝ ዳሌያችሁ ጎን ላይ፣ ከክንፉ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ አሳርፉ። አሁን ግራ እግራችሁን አንሱ። እኔ ሞከርኩት። ከእጄ ሥር የነበረው ለስላሳ ሥጋ ወዲያው ጠጠር አለ። ዳሌዬ ወደ ግራ እንዳይወድቅ የያዘው እሱ ነው። እርምጃ በተራመድን ቁጥር አንድ እግር አየር ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ጡንቻ ቀኑን ሙሉ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ፣ ማንም ሳያየው ይሠራል።

ሲደክም ወይም ሲያመው፣ በአንድ እግር ሲቆም ዳሌው ወደተነሳው እግር በኩል ዝቅ ይላል። ምልክቱ በጀርመናዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም በፍሬድሪክ ትሬንደለንቡርግ ስም ይጠራል። የጻፈበት በ1895 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ብዙ ሰው ዳሌው ከመውደቁ በፊት ራሱ ደረቱን ወደሚያመው ጎን ይጥላል። የእናቴ መዝመም ያ ነው። ቀድሞ እዚያ ቦታ ላይ የሚሰማ ሕመም የፈሳሽ ከረጢት መቆጣት ነው ይባል ነበር። አሁን አብዛኛውን ጊዜ የእነዚህ ጡንቻዎች ጅማት መጎዳት መሆኑ ታውቋል። ከ40 ዓመት በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ ይበዛል። ሆኖም በዓይን ሳላያቸው አልፈርድም ብላ ነው የዘጋችው። ይህ ጥንቃቄዋ ደስ አሰኝቶኛል።

4ኛ እና 5ኛ መልስ

አንድ ጂም የሚሠራ ወጣት ችግሩ ሁሉ ስኳት፣ ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ አለመሥራት ነው አለ። ማንም ሰው የክብደቱን ያህል ተሸክሞ ካልተነሳ ሰው አይደለም ማለት ደረሰ። አንዲት እህት ብልጭ አለባት። የ64 ዓመት እናት ትከሻ ላይ ብረት ጫኑ እያልክ መሆኑን ልብ በል አለችው። የጻፈችውን ሌላውን እዚህ አላመጣውም። ልጁ ክፉ አላሰበም፣ ግን ጥያቄውን ያነበበ አይመስለኝም።

6ኛ መልስ

ሳምንቱ ሕማማት ነውና ወሬው ወደ ስግደት ሄደ። አንድ ወንድም ሰኞ ከሰገደ ጀምሮ የጭኑ ፊት እንደ ድንጋይ እንደጠጠረበት ጻፈ። ደረጃ መውጣት ይችላል፣ መውረድ ግን አቃተው። ጓደኛው ጡንቻ ውስጥ የቀረ ላክቲክ አሲድ ነው ብሎታል። እውነት ነው ወይ ሲል ጠየቀ። ስቅለት ሳይደርስ እንዲህ ከሆንኩ ዓርብ እንዴት ልሆን ነው የሚል ጭንቀትም ነበረበት።

7ኛ መልስ

ፊዚዮቴራፒስቷ ተመልሳ አረመችው። ላክቲክ አሲድ እንቅስቃሴው ባበቃ በአንድና ሁለት ሰዓት ውስጥ ይጠራል። ከነገ ወዲያ ድረስ አይቆይም። ሕመሙ ያልለመደ ጡንቻ ውስጥ ከሚደርስ ጥቃቅን መጎዳትና እሱን ተከትሎ ከሚመጣ መቆጣት ነው። ባብዛኛው ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ይብሳል፣ ከዚያ ይለቃል።

የደረጃውን ነገርም ፈታችው። ስንሰግድ ወደ መሬት የምንወርደው ኳድሪሴፕስ እየተለጠጠ ሰውነታችንን በቀስታ ስለሚለቀው ነው። ልክ የውሃ ባልዲን በገመድ ቀስ አድርጎ ጉድጓድ ውስጥ እንደማውረድ። ጡንቻን በጣም የሚያሳምመው ይህ እየተለጠጡ መያዝ ነው። ደረጃ መውረድም ያንኑ ሥራ ይደግማል። ለጠያቂው የሰጠችው ምክር አጭር ነበር። በየቀኑ በጥቂቱ ቢሰግድ ጡንቻው ለዓርብ ይለምዳል። ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ በአንድ ቀን ብዙ መቶ ጊዜ መውደቅና መነሳት ግን ማንንም ያስነክሳል።

8ኛ መልስ

ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ታክሲ የሚነዳ ወንድም ነው። በቀን 12 ሰዓት ይቀመጣል። ከመኪናው ሲወርድ ቀና ማለት ያቅተዋል፣ ብሽሽቱ ውስጥ የሚጎትተው ነገር አለ። ለምን ይህን ጡንቻ ዘለላችሁት ብሎ በትሕትና ወቀሰን። ልክ ነበር። ሶአስ የሚባለው ነው። ከወገብ አከርካሪ ጎንና ጎን ይነሳል። በሆድ ዕቃ ጀርባ አልፎ ይወርድና ከዳሌው ውስጠኛ ክፍል ከሚመጣ ጓደኛው ጋር ተጣምሮ በጭን አጥንት ውስጠኛ ጫፍ ላይ ይታሰራል። ጭንን ወደ ላይ የሚያነሳ ዋናው ጡንቻ ነው። ለረጅም ሰዓት ታጥፎ ሲቆይ መዘርጋት ያስቸግረዋል። ወንድማችን በየሁለት ሰዓቱ ከመኪና ይወርዳል። በአንድ ጉልበቱ ይንበረከክና ዳሌውን ወደ ፊት ገፋ ያደርጋል። ሠርቶለታል።

9ኛ መልስ

ይህን ያልጠበቅኩት ነው። ሥጋ ቤት የሚሠራ ሰው ሶአስ የተባለውን ሲያነብ ጭቅና መሆኑ ገባው። በሬ ሲገነጠል በአከርካሪው ውስጠኛ ጎን ተጋድሞ የሚገኘው፣ ቢላ ብዙም ሳይፈልግ በእጅ እየተላቀቀ የሚወጣው ያ ረጅም ሥጋ። ለምን ያን ያህል እንደሚለሰልስም ነገረን። በሬው በአራት እግሩ ስለሚቆም ይህ ጡንቻ ብዙ ሸክም የለበትም። ታፋ ግን የሥራ ሥጋ ነው፣ ሲገፋና ሲጎትት የኖረ። ስለዚህ ጥርስ ይይዛል። ሰው የአናቶሚ መጽሐፍ ሳይገልጥ በእጁ ብቻ ይህን ያህል ያውቃል።

10ኛ መልስ

አንዲት እናት በሕማማት ስለ ጭቅና ማውራት ተገቢ አይደለም አሉ። ሥጋ ቤቱም ይቅርታ ጠየቀ።

11ኛ መልስ

የክሩ ጸብ የተነሳው እዚህ ላይ ነው። የ71 ዓመት አባት ናቸው። ግራ ዳሌያቸውን ያማቸዋል። የእናቴን ከዘራ ነገር አንስተው በሚያመው ጎን መያዟ ትክክል ነው አሉ። ምክንያታቸው ጥሩ ምክንያት ነበር። ጎጆ ሲዘም ድጋፍ የሚቆመው በዘመመበት በኩል ነው፣ በሌላው በኩል የሚያቆም ሰው አይታችኋል ወይ ሲሉ ሞገቱ። አሥር ዓመት በግራ እጃቸው ይዘው ኖረዋል።

እኔም እስከዚያች ቀን እንደሳቸው ነበር የማስበው። ቤተሰባችን በሙሉ እንዲሁ።

12ኛ መልስ

ሲቪል መሐንዲስ ነው። ቤትና ሰው አንድ አይደሉም ብሎ ጀመረ። ጎጆ በሁለት እግሩ እየተቀያየረ አይቆምም። ሰው ሲራመድ ግን በየተራ በአንድ ምሰሶ ላይ ይቀራል። ሒሳቡን ቁጭ ብዬ ደግሜ ሠራሁት፣ እንዲህ ነው።

ሴትዮዋ 60 ኪሎ ይሁኑ። በቀኝ እግር ሲቆሙ ከዚያ እግር ውጭ ያለው ሰውነት 50 ኪሎ ያህል ነው። ይህ ክብደት ከቀኝ ዳሌ መገጣጠሚያ ወደ ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቆ ይንጠለጠላል። ወደ ውጭ በኩል ሚዛኑን የሚጠብቀው የጎን ጡንቻ ነው። እሱ ግን ከመገጣጠሚያው የሚርቀው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በርቀት ግማሽ ስለሆነ በጉልበት እጥፍ መሆን አለበት። 100 ኪሎ መሳብ ማለት ነው። መገጣጠሚያው ሁለቱንም ይሸከማል። 150 ኪሎ። አንድ እርምጃ፣ በ60 ኪሎ ሴት ዳሌ ላይ።

አሁን መዝመሙ ምን እንደሆነ ይታያል። ደረትን ወደ ቀኝ ሲጥሉት የክብደቱ ርቀት ያጥራል፣ የታመመው ጡንቻም ያርፋል። መጥፎ ልማድ አይደለም፣ ሰውነት ራሱ ያገኘው ዘዴ ነው። ከዘራ በግራ እጅ ሲያዝ ደግሞ ከመገጣጠሚያው 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ርቀቱ ትልቅ ስለሆነ 5 ኪሎ ብቻ ተጭነው ጡንቻው የሚስበው ከ100 ወደ 55 ኪሎ ይወርዳል። የመገጣጠሚያው ሸክም ወደ 100 ኪሎ። በቀኝ ሲያዝ ግን ሚዛኑን የሚረዳበት በኩል አይደለም። እሱ ላይ ለመደገፍ ሲባል ይበልጥ ይዘመማል። ቁጥሮቹ ከሰው ሰው ይለያያሉ፣ አካሄዱ ግን ያው ነው አለ።

13ኛ መልስ

አባታችን ተቆጡ። ሕመሙን የማያውቅ ልጅ በወረቀት ሊያስተምራቸው እንደማይገባ ጻፉ። አንድ ሌላ ሰው መሃል ገብቶ በዕድሜያቸው ተሳለቀ። እዚህ ላይ እኔ ገባሁ፣ ያንን ጽሑፍ እንዲያነሳው ጠየቅኩት፣ አነሳው። መሐንዲሱ ግን አልተቆጣም። አባቴ፣ ሦስት ቀን ብቻ ይሞክሩትና ካልሆነ ይውቀሱኝ አላቸው። ለዚህ አነጋገሩ አክብሮት አለኝ።

14ኛ መልስ

አንድ ማኅሌት ቋሚ ስለ መቋሚያ ጻፈ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚያድር ሰው መቋሚያውን ብብቱ ሥር አድርጎ ክብደቱን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ያዘዋውራል። ለሚጀምሩ ልጆች መጀመሪያ የሚነገራቸው በአንድ ዳሌ ላይ ወድቀው እንዳይቆሙ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ በኋላ በ22ኛው መልስ ይህንኑ ነገር አነሳችው።

15ኛ እና 16ኛ መልስ

ይህን ሳነብ አልቅሻለሁ። አንዲት እህት ታናሽ ወንድሟ በ5 ዓመቱ አንድ ክሊኒክ ውስጥ መቀመጫው ላይ መርፌ ተወግቶ በዚያው ቀን እግሩን መጎተት እንደጀመረ ጻፈች። ዛሬ 19 ዓመቱ ነው። አሁንም የእግሩን ጣቶች ቀና ማድረግ አይችልም፣ ጫማው ከፊት ቶሎ ያልቃል።

አንድ ነርስ ተከትሎ አስረዳ። ከመቀመጫ ጡንቻ ሥር ፒሪፎርሚስ የሚባል ትንሽ ጡንቻ አለ። ከእሱ በታች ስያቲክ ነርቭ ይወጣል። የሰውነታችን ወፍራሙ ነርቭ ነው፣ የአውራ ጣት ያህል ይወፍራል። በአንዳንድ ሰው ጡንቻውን ሰንጥቆ ያልፋል። መቀመጫን በሐሳብ አራት ቦታ ክፈሉት፣ መርፌው መግባት ያለበት ከላይ በውጭ በኩል ባለው ሩብ ብቻ ነው። ሕፃናት ገና ሥጋቸው ስስ ስለሆነ ክትባታቸው የሚሰጠው ጭን ላይ፣ ከፊት ወደ ውጭ በኩል ባለው የኳድሪሴፕስ ክፍል ነው። እዚያ ትልቅ ነርቭ የለም። ወላጆች፣ መርፌው የት ላይ ሊወጋ እንደሆነ ከመወጋቱ በፊት ጠይቁ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

17ኛ መልስ

የበቆጂ ልጅ ነው፣ ሯጭ። ሩጫ ማለት በአንድ እግር መቆም፣ ከዚያ በሌላው መቆም ነው አለ። ሁለቱ እግሮች አንድ ላይ መሬት የሚነኩበት ጊዜ የለም። ስለዚህ የጎን ጡንቻው ያልጠነከረ ሯጭ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቆይቶ ያመዋል። እሱ ራሱ የተጎዳው ግን ሃምስትሪንጉን ነው። ለመጨረሻው ዙር ሲፈነጠር የፊተኛው እግሩ ገና መሬት ሳይነካ ከኋላ ጠቅ አለው። ያ ቅጽበት ሃምስትሪንግ ወደ ፊት የተወረወረውን እግር ለመግታት በጣም የሚለጠጥበት ነው። ስድስት ሳምንት ተቀመጠ።

18ኛ መልስ

ሽሮ ሜዳ ያደገ የሸማኔ ልጅ ነው። አባቱ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከተው ቀኑን ሙሉ መርገጫውን ሲረግጡ ይውላሉ። ማታ ሲነሱ ጭናቸውን በእጃቸው እየደበደቡ ነው። ለሸማኔ የተሰየመ ጡንቻ አለ ወይ ሲል ጠየቀ። ለሸማኔ ባይሆንም ለልብስ ሰፊ አለ ብሎ አንድ ሰው ከሥር መለሰለት። ሳርቶሪየስ ነው፣ በላቲን ልብስ ሰፊ ከሚለው ቃል። የሰውነታችን ረጅሙ ጡንቻ ነው። ከዳሌ የፊት ጫፍ ተነስቶ ጭንን አቋርጦ እስከ ጉልበት ውስጠኛ ጎን ይወርዳል። ልብስ ሰፊዎች ድሮ እግራቸውን አጣምረው መሬት ላይ ሲቀመጡ እግርን እንዲያ የሚያጥፈው እሱ ነው።

19ኛ መልስ

ወጌሻ ጋ ውሰጃት የሚል ነው። ነርሱ ክፉኛ ተናገረ። የ64 ዓመት ሴት አጥንት ሊሳሳ ይችላል፣ ዳሌ ስቦ መጎተት የጭኑን አጥንት አንገት ሊሰብር ይችላል ብሎ አስጠነቀቀ። በዕድሜ የገፋ ሰው ወድቆ መቆም ካቃተው ወይም እግሩ አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ ያለ ማመንታት ሆስፒታል። እኔ ነርሱን እደግፋለሁ። ሆኖም ወጌሻን የጠቀሰው ሰው አንድ ያለው ነገር ልቤ ውስጥ ቀርቷል። ወጌሻው ቢያንስ ቦታውን በእጁ ይዳስሳል።

20ኛ መልስ

ከስቶክሆልም አንዲት አዋላጅ ስለ አንቀልባ ጻፈች። ስዊድን ውስጥ ሕፃን እንደተወለደ ዳሌው በእጅ ይፈተሻል፣ የጭኑ ራስ ጉድጓዱ ውስጥ በደንብ መቀመጡ ይታያል። እግሩን ቀጥ አድርጎ አጥብቆ መጠቅለል ዳሌውን ሊጎዳ ይችላል። አንቀልባ ላይ ያለ ሕፃን ግን ጉልበቱን አጥፎ፣ ጭኑን ከፍቶ እናቱ ጀርባ ላይ ነው የሚቀመጠው። ለዳሌው የሚስማማው አቀማመጥ ያ ነው። ከጥያቄዬ ቢርቅም አራስ ቤት ያላችሁ እንድታነቡት ብዬ ነው ያላወጣሁት።

21ኛ መልስ

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የ71 ዓመቱ አባት ተመለሱ። ከዘራውን ወደ ቀኝ እጃቸው አዛውረው ቤተ ክርስቲያን ደርሰው መጥተዋል። የመጀመሪያው ቀን እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ ዳገቱን ሳያርፉ ወጡት። መሐንዲሱን ልጄ ብለው መረቁት። ስለ ጎጆው ግን አቋማቸው እንዳለ ነው።

22ኛ መልስ

ፊዚዮቴራፒስቷ እናቴን በዓይኗ ካየቻት በኋላ የጻፈችው ነው። በአንድ እግር አቆመቻት፣ ያን አጥንት በጣቷ ዳሰሰችው፣ ጭኗን ወደ ጎን እንድትገፋ አድርጋ በእጇ ያዘቻት። ጠቅላላው 20 ደቂቃ አልፈጀም። የጎን ጡንቻው ጅማት ነው አለች።

መጀመሪያ የሚቀሩ ነገሮች ተነገሩን። እግር አጣምሮ መቀመጥ ይቅር። በአንድ ዳሌ ላይ ተንጠልጥሎ መቆም ይቅር። ስትተኛ በግራ ጎኗ ሆና በጉልበቶቿ መሃል ወፍራም ትራስ ታድርግ፣ ላይኛው ጭን ወደ ታች ወድቆ ጅማቱን እንዳይለጥጠው። በጣም ዝቅ ያለው በርጩማ ከፍ ባለ ይተካ። ከዚያ ሥራው። መደርደሪያ ይዞ በአንድ እግር መቆም፣ ከ10 ሴኮንድ ጀምሮ። ወደ ጎን መራመድ። ሲለምድ ደግሞ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ መውጣት። ትንሽ ቢያም ችግር የለም፣ በነጋታው ጠዋት ከቀድሞው ካልባሰ። ጅማት ቀርፋፋ ነውና ሦስት ወር ያህል ጠብቁ አለችን።

23ኛ መልስ

ይህ የእኔ ነው። ዛሬ ሰባተኛ ሳምንታችን ነው። ከዘራው ግራ እጇ ላይ ነው። ሌሊት ዞር ስትል ትራሱን ራሷ ታስተካክላለች። አሁንም ትዘማለች፣ በተለይ ማታ ማታ ሲደክማት።

ጠዋት ጀበናውን ትጥድና የወጥ ቤቱን መደርደሪያ በሁለት ጣቷ ይዛ ግራ እግሯን ታነሳለች። ሰዓት አታይም። የምትቆጥረው አቡነ ዘበሰማያት እየደገመች ነው። መጀመሪያ ሳምንት ግማሹ ላይ እግሯ ይወርድ ነበር። ትናንት አሜን ላይ ደረሰች።